ሦስተኛዋ ከደሴ መጣችልኝ

ሰው በመጠጥ ይጠፋል፣ በቁማር ይጠፋል፣ በሴትም ይጠፋል። እኔ የጠፋሁት በሰዋስው ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ በአንዲት «ዋ» ፊደል የተነሳ የወደዳትን ልጅ ሊያጣ የደረሰ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ከእኔ ሌላ የምታገኙ አይመስለኝም። ካገኛችሁ አስተዋውቁኝ፤ አብረን እናለቅሳለን።

ሥራዬ ፊልም መጫን ነው። ቆቦ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለችው ጠባብ ሱቄ ሰው ስልኩን ወይም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ፊልም ሞልቼ እመልስለታለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ሪሞት እጠግናለሁ፣ የስልክ መስታወት እቀይራለሁ። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ በሽታ ያዘኝ። የትኛው ፊልም ያስለቅሳል፣ የትኛው ከአማት ጋር አይታይም፣ የትኛው ከማስታወቂያው በቀር ምንም የለውም እያለ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ቀስ በቀስ ራሴን እንደ ሊቅ ቆጠርኩ። ለደንበኞቼ በከፈትኩት የቴሌግራም ቻናል ላይም ስለየፊልሙ አስተያየት መጻፍ ጀመርኩ። አርፌ ሪሞቴን ብጠግን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

የፊልም ሠሪዎችን አዲስ አመል ታውቁት እንደሆነ እንጃ። አንድ ጀግና ይፈጥሩና ፊልም ይሠሩበታል። ሰው ይወደዋል። ዓመታት ያልፉና ያንኑ ፊልም እንደ አዲስ ይሠሩታል። ተከታዩን ክፍል ማለቴ አይደለም፤ ያንኑ ራሱን፣ ከሀ ጀምረው። ተዋናዩ ሌላ፣ ልብሱ ሌላ፣ ታሪኩ ያው። አሁን የማወራላችሁ ጀግና ሦስት ጊዜ ተሠርቷል፤ ሦስት ጊዜም ገና በልጅነቱ እናትና አባቱ ተገድለውበታል። አንድ ሰው ስንት ጊዜ የሙት ልጅ ይሆናል?

ይህን ሲሰማ የሚገረም ሰው አለ። የእኛ ሰፈር ሰው ግን አይገረምም። እኛ ሰፈር ድልድይ ሊሠራ ነው። አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር ሊሠራ ነው። ሹሙ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ከበፊቱ ድንጋይ አጠገብ አዲስ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ «ዛሬ አዲስ ምዕራፍ» ይባላል፣ እናጨበጭባለን። ከዚያ ሹሙ ይቀየርና የሚቀጥለው መጥቶ ታሪኩን ከሀ ይጀምረዋል። ድልድዩ እስካሁን የለም። የመሠረት ድንጋዮቹ ግን ስለበዙ ክረምት ላይ እነሱን እየረገጥን እንሻገራለን።

ወደ ጀግናችን ልመለስ። ትክክለኛ ስሙን ቆቦ ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ እኛ «ባለ ኩታው» ነው የምንለው። ትከሻው ላይ ጣል ያደረጋት ጨርቅ አለች፤ ሲበር ከኋላው ትውለበለባለች። ስሙን ያወጣለት አያ ሰይድ ነው። አያ ሰይድ ዛሬ የማሽላ ነጋዴና ቃሉ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ ነበር። እንደ ምድጃ በሚግለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ፈረንጆቹ ያሉትን ሁሉ በዱላው እየጠቆመ በአማርኛ ይነግረናል። ፈረንጁ አንዲት ቃል ተንፍሶ ዝም ሲል አያ ሰይድ ገና መጀመሩ ነው። «እንግሊዝኛ የታጠፈ ቋንቋ ነው፤ ሲዘረጉት ነው የሚረዝመው» ይለን ነበር። እኛም እናምነዋለን።

በአያ ሰይድ ትርጉም ባለ ኩታው የግመል ነጋዴ ልጅ ነው። ጠላቱ ባለ ብረት እጁ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ነው፤ የተጣሉት በመስኖ ውሃ ተራ ነው። ያ ሰማይ ጠቀስ የመስታወት ሕንፃ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ነው። የካሴቱ መጨረሻ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ሁለቱ ጠላቶች ጣሪያ ላይ ሲፋጠጡ ቴሌቪዥኑ መስመር በመስመር ይሆናል። ያኔ አያ ሰይድ ከበርጩማው ይነሳና በቃሉ ይጨርስልናል። «ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ገባ። ታረቁ። በሬ ታረደ። ባለ ኩታው ኩታውን አውልቆ ለባለ ብረት እጁ አለበሰው።» አጨብጭበን እንወጣለን።

ከዚያ ቪዲዮ ቤት ከማይጠፉት አንዱ ጋሽ ሲሳይ ነበሩ። ጎብዬ ላይ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ቆቦ ገበያ ወጥተው ሲሸጡ ባለ ኩታውን ሳያዩ አይመለሱም። እሳቸውና ወንድማቸው ጋሽ ይመር በእርሻ ወሰን ተጣልተው ሰላምታ አቋርጠው ነበር፤ የስንቱን ሽማግሌ ልመና ገፍተዋል። ታዲያ አንድ ቀን ጋሽ ሲሳይ ከቪዲዮ ቤቱ ወጥተው በቀጥታ ወንድማቸው ደጅ ሄዱ። «በሰማይ የሚበሩት ከታረቁ፣ በእግራችን የምንሄደው እኛ ምን ሆነን ነው?» አሉና ታረቁ። ይህን ታሪክ ጎብዬ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

የጋሽ ሲሳይ ልጅ ሰናይት ትባላለች። ቆቦ የአማርኛ አስተማሪ ናት። መጀመሪያ ሱቄ የመጣችው ቻርጀር ልትገዛ ነው፤ በሬ ላይ የለጠፍኩትን «ፍላሽ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ አየችና «የምትጭኑት ፍላሹን ነው ወይስ ፊልሙን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳላገኝ ልቤ ሄደ። ቆይቶ የእሷም ልብ ወደ እኔ ማዘንበሉን ሳውቅ፣ ሽማግሌ ለመላክ ወሰንኩ። ዋናው ሽማግሌ አያ ሰይድ ሆነ፤ ጋሽ ሲሳይ ከእሱ አፍ የወጣ ነገር አይጥሉም ብዬ ነው። ቀኑም ለእሑድ ተቆረጠ።

ሐሙስ ዕለት ሦስተኛዋ መጣች።

ሁለተኛውን ፊልም ዘለልኩት መሰለኝ። እሱ ከዳር እስከ ዳር ጨለማና ዝናብ ነው። ባለ ኩታው ተቀምጦ ይተክዛል፣ ይነሳል፣ ቆሞ ይተክዛል። አንድ ደንበኛዬ «ቴሌቪዥኔ ምስሉ ጠቆረብኝ» ብሎ ለጥገና ተሸክሞ አምጥቶልኝ ነበር፤ ፈትቼ ባየው ደህና ነው፣ ፊልሙ ነው እንጂ። ስለዚህ ሦስተኛዋ መሠራቷን ስሰማ ብዙም ተስፋ አላደረግኩም። ደሴ ያለ ጓደኛዬ በሚኒባስ ላከልኝ። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አየኋት። ልቤ ጠፋ። ብርሃን አላት፣ ቀልድ አላት፣ ሰዎቹ ሲናገሩ ሰው ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የቋንቋችን ጠባይ ላንሳ። እኛ የወደድነውን ነገር ሴት እናደርገዋለን። «ባጃጇ ቆንጆ ናት»፣ «ስልኳ አትደክምም»፣ «ይቺ ወንበር ትመቻለች»። ወንበር ሴት የሆነችው በምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ስለወደድናት ነው። እኔም በዚያ ስካሬ ስልኬን አንስቼ ሦስቱን እያነጻጸርኩ ቻናሌ ላይ ጻፍኩ። ቃል በቃል እነሆ፦

«ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ የልጅነት ፍቅሬ ናት፤ ግን አርጅታለች፣ አሁን ሲያዩዋት ፊቷ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛዋ ፊቷ አይፈታም፤ ከእሷ ጋር አምሽቶ ራሱን ያላመመው የለም። ሦስተኛዋ ግን ትለያለች! ዛሬ ከደሴ መጣችልኝ። በሬን ዘግቼ እስክጠግብ አየኋት። ሁለቱንም አስረሳችኝ። የምትፈልጉ ነገ ሱቅ ብቅ በሉ፤ ለሁላችሁም ትደርሳለች።»

ከላይ የፊልሙን ፖስተር አያይዤ ነበር። ኔትወርካችንን ታውቁታላችሁ። ጽሑፉን አሳለፈና ፖስተሩን አስቀረው። እኔ ይህን ሳላይ ተኛሁ።

በነጋታው ሱቄ ወንድ በወንድ ሆነ። ፈገግታቸው ግን ደስ አይልም። አንዱ ጠጋ ብሎ «ያቺ የደሴዋ አለች?» አለኝ በሹክሹክታ። «አሁን ሌላ ሰው ጋ ናት፤ ሲጨርስ ትወስዳታለህ» አልኩት። ሰውየው አማተበና ወጣ። እኔ ያማተበው ከደስታ ብዛት መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከሰናይት አንድ መልእክት መጣ፦ «ሦስተኛዋን ሰላም በልልኝ።» ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ያኔ ነው ተመልሼ የጻፍኩትን ያነበብኩት። ሳነበው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ራሴን ጠላሁት። «ፊልም» የሚል ቃል ከዳር እስከ ዳር የለበትም። ቶሎ ብዬ አጠፋሁት። «ንጹሕ ቢሆን ለምን ያጠፋው ነበር?» ተባለ። «የጻፍኩት ስለ ፊልም ነው» ብዬ ለጠፍኩ። «የተነቃበት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ተባለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት አባቶች ቴሌግራምን ሳያዩ ነው፤ የዚህኛው ወለምታ ጭራሽ ሲያሹት ያብጣል።

ጎብዬ ሄጄ ጋሽ ሲሳይን እንዳላስረዳ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቤት ላኪው ድርሽ አይልም። ነውር ነው። ለአያ ሰይድ ብነግረው «አብሽር፣ ገበሬው ሰውዬ የቴሌግራም ነገር ከየት ይሰማል?» አለኝ። እኔም ተጽናናሁ። ጋሽ ይመር፣ የሰናይት አጎት፣ ለድራማ ብለው የቻናሌ አባል መሆናቸውን ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

እሑድ አያ ሰይድ፣ የሰፈራችን ቄስና ከንግግሩ ይልቅ ጢሙ የሚከበር አንድ ጎረቤቴ ሆነው ወደ ጎብዬ ሄዱ። ወጉ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ይቆማሉ። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ቢላቸውም የመጡበት ጉዳይ ካልተቃና አይቀመጡም። በመጨረሻ ባለቤቱ ነገሩን ሰምቶ፣ ልቡ ሲፈቅድ፣ እንደገና «ተቀመጡ» ሲል ከተቀመጡ፣ አለቀ ማለት ነው። እኔ ሱቄን ዘግቼ ስልኬን እያየሁ ነበር። ጠራ።

«አንተ ልጅ» አለኝ አያ ሰይድ፣ «ስንት ሴት ነው ያለህ?»

«ኧረ አንድም የለኝም፣ አያ ሰይድ።»

«እሱማ ከዛሬ ወዲያ አንድም የለህም። ሰውየው ጽሑፍህን በቃላቸው ይዘውታል። ፊልም ነው ብለን ምለን ተገዘትን። 'ፊልም ከሆነች አምጡና ልያት' አሉ። ያቺን ፍላሽህን ይዘህ ና።»

«እኔ? በገዛ ሽምግልናዬ ላይ?»

«ወላሂ እኔም እንዲህ ያለ አልሰማሁም። ቶሎ በል፤ ቆመን ነው የምንጠብቅህ።»

ባጃጅ ተኮናትሬ ስበር፣ የሚታየኝ የሦስቱ ሽማግሌዎች ጉልበት ብቻ ነበር። ኩታ የለኝም እንጂ ያን ቀን ባለ ኩታውም አይቀድመኝም።

ስደርስ ቄሱ በመቋሚያቸው፣ አያ ሰይድ በዱላው፣ ያ ጎረቤቴ ደግሞ በግድግዳው ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ ሲሳይና ጋሽ ይመር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። ሰናይት እርጎ ይዛ ገባች፤ ለሁሉም ሰጠችና እኔ ጋ ስትደርስ ወደ ግድግዳው እያየች አቀበለችኝ።

ጋሽ ሲሳይ ፍላሹን ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት። «ይቺ ናት?»

«አዎ ጋሼ።»

«በርህን ዘግተህ እስክትጠግብ ያየሃት?»

ከወዲያ ማጀት ውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። «አዎ ጋሼ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ፊልሙ ተከፈተ። ገና ከመጀመሩ የልጁ እናትና አባት ተገደሉ።

«አሁንም ሞቱ?» አሉ ጋሽ ሲሳይ።

«ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ ይመር፣ ከልባቸው አዝነው።

ልጁ አደገ፤ መብረር ጀመረ። ቄሱ አንገታቸውን አስግገው «ይኼ ልጅ ክርስትና ተነስቷል?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሲሳይ ግን ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«ኩታው የታለ?»

«በዚህኛው ላይ ቀርቷል፣ ጋሼ። ዘመናዊ እንዲሆን ብለው ነው።»

«ታዲያ ባለ ምኑ ልንለው ነው?»

ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ።

«ግመሎቹስ? የአባቱ ግመሎች የት ሄዱ?»

አያ ሰይድ ሳል ያዘው። ረጅም ሳል ነው። ጋሽ ሲሳይ ሪሞቱን አንስተው ፊልሙን አቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ፊልም መሆኗንስ አየሁ። ግን አንተ 'ትለያለች፣ ሁለቱንም አስረሳችኝ' ብለህ ጽፈሃል። ያን የመሰለ ባለ ኩታውን ይኼ ጨርቅ የሌለው ልጅ በምን ይበልጠዋል? ወይስ የጻፍከው ስለ ሌላ ነው?»

የወደቅኩበትን ጉድጓድ እዩልኝ። ትበልጣለች ካልኩ፣ ጋሽ ሲሳይን ከወንድማቸው ያስታረቀውን ፊልም ማዋረዴ ነው። አትበልጥም ካልኩ ደግሞ፣ እንግዲያው ያቺ ሁለቱን ያስረሳችኝ ሴት ናታ። ከሁሉም የባሰው እውነቱ ነበር። ሦስቱን ላነጻጽር ብዬ የመጀመሪያውንም ከእነ መጨረሻው ፈልጌ፣ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን አግኝቼ አይቼዋለሁ። ግመል የለም። የአጎት ልጅ የለም። ሕንፃው ባንክ ነው። እሱን ልናገር ብል ደግሞ የራሴን ሽማግሌ በቆመበት ማቃጠሌ ነው። ለእኔ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ የቆመ ሰው ነው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «የመጀመሪያው አሁን ሳየው ያ ልጅ ሆኜ የወደድኩት አልሆነልኝም።»

«ለምን?»

አያ ሰይድን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ።

«ልጁን አታስጨንቁት» አለ አያ ሰይድ። «እኔ እነግራችኋለሁ። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር።»

ጋሽ ሲሳይ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ግመሎቹስ?»

«የኔ ናቸው።»

«የውሃው ተራስ?»

«እሱም የኔ ነው።»

«እርቁስ?»

አያ ሰይድ አንገቱን ደፋ። «መጨረሻውን እኔም አላየሁት። ካሴቱ ሲመጣም ተበላሽቶ ነው። ያን ሁሉ ገበያተኛ፣ ሁለት ሰው እንደተፋጠጠ ትቼ እንዴት ብዬ ወደየቤቱ ልስደደው? ሰው በልቡ ጠብ ይዞ እንዲያድር አልፈለግኩም።»

ጋሽ ሲሳይ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ካየኸው ንገረኝ። መጨረሻው ምንድን ነው?»

መዋሸት ፈለግኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። «ገደለው፣ ጋሼ። ከጣሪያው ላይ ወረወረው።»

ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ። ሰናይት ማጀቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችኝ በኋላ ነገረችኝ፤ ያኔ ግን ዓይኔ ጋሽ ሲሳይ ላይ ነበር። ጋሽ ሲሳይ ደግሞ ወንድማቸውን እያዩ ነው። ያን ያህል ዘመን የኖሩበት እርቅ ማሽላ ነጋዴ ከራሱ ያወጣው ወሬ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ይመር እርጎአቸውን ጨለጡ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ኩባያውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«እንኳን እንግሊዝኛ አላወቀ» አሉ።

ጋሽ ሲሳይ ትከሻቸው ተነቀነቀ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነው። ያ ጢሙ የሚከበረው ጎረቤቴም ሳቀ፤ ድምፁን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ሲሳይ ሪሞቱን ለእኔ ወረወሩልኝና አያ ሰይድን በጣታቸው ጠሩት።

«ድምፁን አጥፋው። አንቱ ሰይድ፣ ወደዚህ ቅረቡ። ይቺንም ተርጉሙልን።»

«ይቺን» አሉ። ሴት አደረጓት። እኔ ግን ምንም ትንፍሽ አላልኩም።

አያ ሰይድ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደና ዱላውን አነሳ። ዕድሜው እንደ ሻሽ ከራሱ ላይ ሲወልቅ አየሁ። ባለ ኩታው ወዲያው የግመል ነጋዴ ልጅ ሆነ። ኩታ ላለመልበሱም ምክንያት ተገኘለት፤ ለታናሽ ወንድሙ ሠርግ አውሶት ነው። ባለ ብረት እጁ በጡጫ ሲያጎነው ጋሽ ሲሳይ «ለምን መታው?» አሉ። «አልመታውም፤ ትከሻው ላይ አቧራ አይቶ ነው ያራገፈለት» አለ አያ ሰይድ። ፎቅ ሲፈርስ «መሠረቱ ደካማ ነበር፤ ድንጋዩን ብቻ ጥለው ነው የሄዱት» አለ። እኔ ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ጥሩ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

መጨረሻው ደረሰ። ሁለቱ ጠላቶች ጣሪያ ላይ ተፋጠጡ። ከባለ ብረት እጁ ጀርባ ሴት ልጁ ቆማለች። አያ ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን ጠቀስ አደረገኝ፤ ገባኝና ፊልሙን አቆምኩት። ባለ ብረት እጁ አፉን ከፈት እንዳደረገ ቀረ።

«አሁን» አለ አያ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የባለ ኩታው ሽማግሌዎች መጡ።»

«የታሉ?» አሉ ጋሽ ሲሳይ።

«በሩ ጋ ናቸው፤ ካሜራው አላሳያቸውም። ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል። እግራቸው አብጧል። አንዱማ ቄስ ናቸው።»

«ምን ይላሉ?»

«ልጅዎን ለልጃችን ይላሉ። ልጁ አፉ ያዳልጠዋል እንጂ ልቡ አንድ ነው ይላሉ።»

ጋሽ ሲሳይ የቆመውን ምስል ትኩር ብለው አዩት። «ባለ ብረት እጁስ ምን አለ?»

«ገና አልመለሰም» አለ አያ ሰይድ። «አንቱን ነው የሚጠብቅ።»

ጋሽ ሲሳይ ወደ ማጀቱ በር ዞሩና «አንቺስ፣ አስተማሪዋ?» አሉ።

«አባዬ፣ እኔ ከመጀመሪያው መስመር ነው ፊልም መሆኑ የገባኝ» አለች ሰናይት። «ብነግርህ 'ጠበቃ ቆመችለት' ትለኛለህ ብዬ ነው። እሱ ደግሞ ለሕዝብ ከመጻፉ በፊት መልሶ ማንበብ ይማር ብዬ ተውኩት።»

ጋሽ ሲሳይ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ አያ ሰይድ ዞሩ። «በሉ እንግዲህ፣ ለሰውየው እንዲህ ብላችሁ መልሱለት» አሉ። «ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ። እግራቸው አብጧል።»

ሦስቱም ሽማግሌዎቼ እኩል ተቀመጡ። አግዳሚው ወንበር ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሙዚቃ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ወንበር ደስ ያለኝ ግን የለም።

ሠርጋችን እየተደገሰ ነው። እኔም ንስሐ ገብቼ ከዓለም ዕቃ ሁሉ ላይ «ዋ»ን አንስቻለሁ። ባጃጁ መጣ እላለሁ፣ ስልኩ ደከመ እላለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤት ድመት ወለደ ብዬ ሰፈሩን አስደነገጥኩ። ልማድ ክፉ ነውና በቀደም ሰናይት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ሱቄ ስትመጣ ተሳስቼ «እንዴት ታምራለህ!» አልኳት።

አስተማሪዋ ትንሽ አሰበችና «ይኼኛው ስህተት ይለፍ» አለችኝ።